«ኦፍሾር» ስለሚለው ቃል አጠቃቀም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እትማችሁ «ኦፍሾር» የሚለውን ቃል «የተዘረፈ ገንዘብ» ለማለት ደጋግማችሁ መጠቀማችሁ ይህን ማስተካከያ እንድልክ አስገድዶኛል። ቃሉ ሲፈታ «ከባሕር ዳርቻ ወዲያ» ማለት ይሁን እንጂ በንግዱ ዓለም የባሕር ነገር ተረስቷል፤ ስሟ በዚሁ ሥራ የሚነሳው ሉክሰምበርግ የባሕር በር እንኳ የላትም። አንድ ኩባንያ ወይም የባንክ ሒሳብ፣ ባለቤቱ ከሚኖርበትና ሥራው ከሚካሄድበት አገር ውጭ በሌላ አገር ሕግ ሲመዘገብ ኦፍሾር ይባላል።

በካሪቢያን ባሕር ባሉት የካይማን ደሴቶች አግላንድ ሃውስ የሚባል ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የአሜሪካ መንግሥት ኦዲት 18,857 ድርጅቶች ይህንኑ አንድ አድራሻ እንዳስመዘገቡ፣ ሕንፃው ውስጥ የሚሠራው ግን አንድ የጥብቅና ድርጅት ብቻ እንደሆነ ገልጿል። ነገሩ ቢያስገርምም ከእነዚህ መካከል ከብዙ አገር የተውጣጡ ባለሀብቶች ገንዘባቸውን በጋራ የሚያስቀምጡባቸው፣ በሕግ የሚፈቀዱ ፈንዶች አሉ። ባለቤቱ ገቢውን በአገሩ አሳውቆ ግብር ከከፈለ ሌባ የሚያሰኘው ነገር የለም።

ችግሩ መደበቁ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የፓናማ ሰነዶች (ኦፍሾር ኩባንያ ከሚያቋቁም አንድ የፓናማ የጥብቅና ድርጅት ያፈተለኩ ሰነዶች) ሲወጡ የአይስላንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሥልጣናቸውን ለመልቀቅ የተገደዱት፣ ከሚስታቸው ጋር ይዘውት የነበረው ኩባንያ የከሰሩት የአገሪቱ ባንኮች ዕዳቸውን እንዲከፍሉት የሚጠይቅ ሆኖ ሳለ ይህንን ለሕዝብ ባለመግለጻቸው ነበር።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በቀድሞው የደቡብ አፍሪካ ፕሬዚዳንት በታቦ ምቤኪ የተመራው፣ ከአፍሪካ በሕገወጥ መንገድ የሚወጣውን ገንዘብ ያጠናው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2015 አዲስ አበባ ላይ ባቀረበው ሪፖርት አፍሪካ በሕገወጥ የገንዘብ ፍሰት በየዓመቱ ከ50 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደምታጣ፣ የዚህም ትልቁ ክፍል በንግድ ሥራ ውስጥ የሚያልፍ እንደሆነ አስታውቋል። እኔም በአስመጪነት ሥራ የጉምሩክ ሰነድ ሳዘጋጅ፣ ከቻይና ወደ ጅቡቲ በቀጥታ የተጫነ ማሽን ኢንቮይሱ (የሽያጭ ደረሰኙ) ማሽኑ ጨርሶ ባልረገጠው ሦስተኛ አገር በተመዘገበ ኩባንያ ስም ተቆርጦ አጋጥሞኛል። ዋጋው አምራቹ ቀደም ሲል ከላከው ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ይበልጥ ነበር። ሰነዱ ማኅተሙም ፊርማውም የተሟላ ሲሆን፣ ጭማሪው ማን ኪስ እንደገባ ግን ከወረቀቱ ላይ ማንበብ አልቻልሁም።

ስለዚህ ዘጋቢዎቻችሁ ወደፊት ቃሉን ሲጠቀሙ ኩባንያው የት እንደተመዘገበ፣ እውነተኛው ባለቤት ማን እንደሆነና ገቢው የት አገር እንደተገለጸ አብረው እንዲጽፉልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ