ግጦሹን በቁመቱ ብቻ አትለኩት

ለአዘጋጁ፦

ሰሞኑን ስለ ግጦሽ መሬት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው፤ ግን መስኩን የመዘናችሁት በሣሩ ብዛት ብቻ ነው። እዚህ ላይ አልስማማም። ሣር በዛ ማለት ወተት በዛ ማለት አይደለም።

አንድ ዓይነት ሣር ብቻ የበቀለበት መስክ ለጋ ሳለ ፕሮቲኑ 20 በመቶ ሊጠጋ ይችላል። ዘር ሲይዝ ግን አገዳው ይጠነክራል፤ ፕሮቲኑም ቁልቁል ይወርዳል። ከ7 በመቶ በታች ከሆነማ ጣጣ ነው። በላሟ ጨጓራ ውስጥ ቃጫውን የሚያብላሉት ደቂቅ ተሕዋስያን ራሳቸው ይራባሉ። መኖው ሳይፈጭ ይቆያል፣ ላሟም መብላት ትቀንሳለች። ሆዷ ሞልቶ ትከሳለች። ከሩቅ ለሚያየው ሰው ግን ሣሩ ጉልበት ይደርሳል፤ ምን ጎደለ?

የአተርና የባቄላ ወገን የሆኑት የመኖ ተክሎች፣ ማገጥ ወይም አልፋልፋ፣ ሲቀላቀሉበት ነገሩ ይለወጣል። ፕሮቲናቸውም ካልሲየማቸውም ከሣር ይበልጣል። ነጩ ማገጥ ደግሞ ግንዱ መሬት ላይ ተጋድሞ ስለሚሄድ ከብት የሚደርሰው ለስላሳው ቅጠል ነው። በዚያ ላይ ሥሩ ላይ ባሉት እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅን ከአየር ይወስዳሉ። ነቅላችሁ አንዱን እባጭ በጥፍር ሰንጥቁት። ውስጡ ቀላ ካለ ሥራ ላይ ነው።

ታዲያ የፈለገውን ያህል ይብዛ ማለቴ አይደለም። የተራበ ከብት ማገጥ ወይም አልፋልፋ የበዛበት መስክ ላይ ከተለቀቀ ጨጓራው ውስጥ አረፋ ይሞላል፤ ጋዙ መውጫ ያጣል። በግራ በኩል ጎኑ ይወጠራል። በሰዓታት ውስጥ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ድርቆሽ ማብላት፣ ድርሻውንም ከመስኩ ሲሶ አካባቢ ላይ መያዝ ይሻላል። ያም ሆኖ መስኩ ላይ ያለው ድርሻና ከብቱ የሚበላው አንድ አይደሉም። በጎችና ላሞች ምርጫ ሲሰጣቸው 70 በመቶ ገደማውን ከማገጥ እንደሚወስዱ በሙከራ ታይቷል። መስኩ ካላረፈ ማገጡ ተለቅሞ ያልቃል።

አሥር ዓይነት ዘር የታጨቀበት ከረጢት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያን ያህል አያስደንቀኝም። ሁለት ሦስት ተስማሚ ዝርያ በደንብ ከተያዘ ይበቃል።

በሚቀጥለው ስለ ግጦሽ ስትጽፉ ከሄክታሩ ምርት ጎን ምን ምን እንደበቀለበትና ከብት የገባበት በስንተኛው ሳምንት እንደሆነ ብትጨምሩልን ደስ ይለኛል።

ከብት አርቢ አንባቢያችሁ