ከላፕቶፔ ውስጥ ሩዝ ለለቀመልኝ ሰው፣ ለሌሎቻችሁም

ሰላም ለሁላችሁ። ጄሶው ከእግሬ ወልቋል። የመመረቂያ ፕሮጀክቴ ዲፌንስም አልፏል። መውጫ ፈተናውም እንደዚያው። ይህን የምስጋና መልእክት መጻፍ የነበረብኝ ከሦስት ሳምንት በፊት ነበር። ግን በጀመርኩ ቁጥር እንባዬ ይመጣና ስልኩን አስቀምጠዋለሁ። ዛሬ ሳልጨርስ አልነሳም ብዬ ቁጭ ብያለሁ።

የባጃጁን ነገር አልደግመውም። ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ አንዳንዶቻችሁማ ከእኔ በላይ አሳምራችሁ ትተርኩታላችሁ። ዝናብ ነበር፣ ቦይ ነበር፣ እግሬ ተሰበረ፣ ላፕቶፔ ከነቦርሳው ጠለቀ። ለዲፌንስ 19 ቀን ቀርቶኝ ነበር። «የፕሮጀክትሽን ኮድ ኢንተርኔት ላይ፣ ጊትሀብ ላይ ጭነሽው አልነበረም ወይ?» ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ፦ አልጫንኩም። ነገ ነገ እያልኩ ሁለት ወር አለፈ። እባካችሁ ከእንግዲህ አትጠይቁኝ።

በቀጥታ ወደ እሱ ልሂድ። ስሜን እንዳትጽፊ ብሎኛል። «ከጻፍሽ ውሃ የነካው ቀፎ ሁሉ እኔ ጋ ይሰለፋል፤ ምሳም አልበላ» አለኝ። ስለዚህ ጋሼ እያልኩ ልቀጥል። አንቱ ስለው «ገና ነኝ!» ብሎ ስለተቆጣ አንተ ነው የምለው። እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ ገባ ብሎ፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት የጥገና ቤት አለችው።

ከእሱ በፊት ሌላ ቤት ወስደነው ነበር። ከፍተው እንኳን ሳያዩት «ሞቷል፣ አዲስ ግዢ» አሉኝ። አዲስ! በተማሪ ኪስ!

ጋሼ ገልብጦ ብሎኖቹን ፈታ። ክዳኑ ሲነሳ ዝም አለ። ከዚያ ወረንጦ አነሳና ከዩኤስቢው ቀዳዳ አንዲት የሩዝ ፍሬ አወጣ። ሌላ አወጣ። ከማራገቢያው ሥር ደግሞ አራት። «ወጡስ የታለ?» አለኝ። የዶርሜ ልጆች ናቸው። ሩዝ ውሃ ይመጥጣል ተብሎ ላፕቶፑን ሦስት ኪሎ ሩዝ ውስጥ ቀብረውት ነበር። (ሩዙን በኋላ ቀቅለን በላነው። ብረት ብረት ይላል።)

ማዘርቦርዱን በጥርስ ብሩሽና በአልኮል ሲያጥብ አንድ ሰዓት ፈጀበት። አልተነሳም። እንደረጠበ ይሠራ እንደሆነ ልይ ብዬ አብርቼው ነበር፤ ያኔውኑ ነው የተቃጠለው። «የረጠበ ነገር አይበራም። ባትሪው ይነቀላል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ ነው» አለኝ። ይህችን እናንተም ያዟት። ቀጥሎ ሀርድ ዲስኩን ነቅሎ ኬዝ ውስጥ ከተተና ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አያያዘው። ስክሪኑ ላይ የሆነ ነገር ይዞራል። ይዞራል። ከዚያ ፎልደሮቹ ተዘረገፉ፦ «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «የመጨረሻው ፋይናል»። ጋሼ ስሞቹን ጮክ ብሎ አነበባቸውና «የእውነቱ የቱ ነው?» አለ። እኔ መልስ መስጠት የምችልበት ሁኔታ ላይ አልነበርኩም።

ፍላሹን ከመሳቢያ አውጥቶ ገለበጠልኝ። ሂሳብ ስል «ዲፌንሱን ስትጨርሺ እንነጋገራለን» አለ። በዚህ ቢያበቃ እኮ ዛሬ የምጽፈው ሁለት መስመር ነበር። «አሁን በምን ልትሠሪ ነው?» አለኝ። ዝም አልኩ። «እዚህ ሥሪያ!» አለ።

16 ቀን እዚያ ሠራሁ። በራሱ ኮምፒውተር። መብራት ሲጠፋ ከጎረቤቱ ጄኔሬተር መስመር ለምኖልኝ። እግሬን የማሳርፍበት የአባቱን በርጩማ ከቤቱ አመጣልኝ፤ ያ ከአንድ ግንድ የሚጠረበው፣ ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ። የምቀመጥባት የፕላስቲክ ወንበር በዚያ ጎርባጣ ወለል ላይ እንደ ታክሲ ስትንገጫገጭ በርጩማው ንቅንቅ አይልም። ሦስት እግር ያለው ነገር መሬቱ ቢጎረብጥም ሦስቱም ይረግጣሉ። አራተኛው ሲጨመር ነው አንዱ አየር ላይ የሚቀረው። ስለ ዲዛይን ስንት ቪዲዮ ያየሁ ሰው ይህን ልብ ያልኩት በተሰበረ እግሬ ነው።

አሁን ስለ ፕሮጀክቱ ትንሽ ልበል፤ አለዚያ ቀጥሎ የምናገረው አይገባችሁም። አባቴ ጅማ ዞን፣ ጎማ ወረዳ ቡና አለው። ቀይ እሸቱ ይለቀምና ማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል። እንደ ፀሐዩ ሁለት ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ቀን እየተገላበጠ፣ ማታ እየተሸፈነ ይደርቃል። የእኔ አፕ የተሰጣበትን ቀን ይመዘግባል፤ አገላብጥ፣ ሸፍን እያለ ያስታውሳል። በአማርኛም በኦሮምኛም ይሠራል። ወይም ይሠራል ብዬ አስብ ነበር።

ጋሼ ስልክ ለማሠራት ለሚመጣው ሰው ሁሉ «ስልክህ እስኪደርስ የዚህችን ልጅ ሥራ እያት» ማለት ጀመረ። ጉዴ ያኔ ፈላ። «መዝግብ» የሚለው የአፑ ቁልፍ አራት ፊደል ነው። የኦሮምኛው «ገልሜሲ» በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል ማለቴ ነው፣ ሲጻፍ ዘጠኝ ፊደል ይሆናል፤ ከቁልፉ ወጥቶ ተንጠለጠለ። ጋሼ አየውና «ይሄ ሰውዬ እግሩ ከአልጋው ወጥቷል» አለ። አንድ አባት ያመጡት አሮጌ ስልክ ላይ ደግሞ አማርኛው ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ መጣ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ ፊደል በሚለይበት የጋራ ሰንጠረዥ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የእኛ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተውም በዚያው ዓመት ነው። ያን ያህል ዘመን ቢያልፍም ስልኩ ላይ ፎንቱ ከሌለ የሚታየው ሳጥን ነው። ፎንቱን አፑ ውስጥ ጨመርኩት።

ከሁሉ የማልረሳት ግን አንዲት የጀንፈል (ከነልጣጩ የደረቀ ቡና) ነጋዴ ናት። አፑ «የእርጥበት መጠን በመቶኛ ያስገቡ» ይላል። የደረቀ ቡና 11፣ 12 በመቶ አካባቢ ሊሆን እንደሚገባ አንብቤ ስለነበር በዚህች ገጽ በጣም ነበር የምኮራው። ሴትየዋ አየችና ለጋሼ በኦሮምኛ የሆነ ነገር ብላ ሳቀች። «መቶኛውን ከየት ላምጣላት? እኔ በጆሮዬ ነው የማውቀው» ነው ያለችው። ከዚያ እፍኝ ጀንፈል እንደያዘች ሁሉ ባዶ እጇን ጆሮዋ ሥር አድርጋ ነቀነቀች። ሲንሿሿ ደርቋል ማለት ነው። አባቴ ዕድሜ ልኩን እንዲያ ሲያደርግ አይቼዋለሁ። በዓይኔ! የዚያን ዕለት ማታ መቶኛዋን አወጣሁና ሁለት ቁልፍ አስገባሁ፦ «ይንሿሿል» እና «ገና ነው»። ዲፌንስ ላይ ፈታኞቹ አብዝተው የጠየቁኝ ስለዚህች ገጽ ነው።

እማዬ፣ ስለ አንቺ ልጽፍ ሦስት ጊዜ ሞክሬ አጠፋሁት። በአካል እነግርሻለሁ።

ወደ ጋሼ ልመለስ። አንድ ቀን አንዲት እናት «ልጄ ከሳምንት ወዲህ አልደውል አለኝ» ብለው መጡ። ጋሼ ስክሪኑን ከላይ ወደ ታች ጎተት አደረገና የአውሮፕላኗን ምልክት ነካት። የመልእክት ድምፅ ተንጣጣ። ብር ሲያወጡ አልተቀበለም። «ምን ጠገንኩና?» ነው የሚለው። እንዲህ ያለ ጤነኛ ስልክ ይዞ የሚመጣ ሰው በየቀኑ አለ። የዚያን ቀን «አንቺ ግን ተመርቀሽ ምን ልትሆኚ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ዩአይ ዩኤክስ ዲዛይነር አልኩት። «እሱ ደግሞ ምንድነው?» ሰው ግራ እንዳይጋባ አድርጎ መሥራት ነው አልኩ። ብየዳውን አቁሞ ዞር አለ። «ለዚህ ይከፈላል እንዴ?» ይከፈላል፤ አንዳንዱ እንዲያውም በዶላር ነው አልኩት። ትንሽ አሰበና «እንግዲያው የ17 ዓመት ውዝፍ አለኝ» አለ።

እኔ በተመረቅኩ ማግስት ሻንጣዬን ይዤ አዲስ አበባ የምገባ ሰው ነበርኩ። አሁንም እሄድ ይሆናል፤ አልዋሽም፣ ደመወዝ እዚያ ነው ያለው። ግን እሸቱ ቀልቶ አባቴ አፑን እስኪሞክረው ድረስ እዚሁ ነኝ። ሲሳሳትም ሲሳደብም አጠገቡ ሆኜ ማየት እፈልጋለሁ።

በዲፌንሱ ጠዋት ኪቶ ፉርዲሳ፣ ካምፓሳችን ስደርስ ጋሼ የኋላው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ኮት ለብሶ! ኮት እንዳለውም አላውቅም ነበር። ገና ጥያቄና መልሱ ሳያልቅ ብቻውን አጨበጨበ፤ ዞር ብለው አዩት፤ አላፈረም። በኋላ አንዷ ደንበኛ የጥገና ቤቱን በር ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ወረቀት ለጥፎበታል፦ «ዛሬ ፈተና አለብኝ። ከሰዓት እከፍታለሁ።»

ይህችን ፎቶ ባየሁ ቁጥር ነው መልእክቱ የሚቋረጠው። እሺ። ቀጠልኩ።

የዶርሜ ልጆች፣ አዝላችሁ ደረጃ ላወጣችሁኝ ሩዙን ይቅር ብያችኋለሁ። አማካሪዬ፣ አባቴ፣ የክፍሌ ልጆች በሙሉ፣ የአጥንት ክፍል ነርሶች፣ እግዜር ይስጥልኝ። የጥገና ቤቱ ደንበኞች፣ ገለቶማ። የባጃጁ ሹፌርም፣ ሁለቴ ብርቱካን ይዘህ መጥተሃል፤ ቂም የለኝም።

ያልጠቀስኳችሁ አትቀየሙኝ። ማስታገሻ እየተወጋሁ በነበርኩባቸው ቀናት ማን መጥቶ ማን እንደሄደ አላስታውስም። በተለይ አቮካዶ ጁስ አስቀምጣልኝ የሄደችው ልጅ፣ ማን እንደሆንሽ እስካሁን አላወቅኩም። ይህን ካየሽ ጻፊልኝ፤ ጠርሙስሽም አለ።

ጋሼ፣ ሂሳቡን እስካሁን አልነገርከኝም። ፍላሽህም እኔ ጋ ነው። ሰኞ ይዤው እመጣለሁ። የእማዬን ስልክም አመጣዋለሁ፤ አይጠራም ትላለች። አውሮፕላኗን አይቻለሁ፣ እሷ አይደለችም።