አዳራሹ መጋዘን ሆኖ እንዳይቀር

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በአዲስ አበባ በአንድ ወረዳ ውስጥ የሚንቀሳቀስ አነስተኛ የአማተር ቴአትር ክበብ አስተባባሪ ነኝ። ክበባችን የራሱ ቤትም ሆነ ደመወዝተኛ ሠራተኛ የለውም፤ የነበረው ነገር ቢኖር በወረዳው አዳራሽ በሳምንት ጥቂት ቀናት የማጥናትና በወር አንድ ሁለት ጊዜ ለሠፈሩ ሕዝብ ቴአትር የማሳየት ልማድ ነው። ይህን ልማድ የኮሮና ወረርሽኝ አቋርጦታል። ደብዳቤውን የምጽፈው ስለ መቋረጡ ለማማረር አይደለም፤ መቋረጥ ነበረበት። የምጽፈው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ዘመኑ ካበቃ፣ ካፌውና ገበያው ከደራ፣ የመስቀል ደመራና ኢሬቻ በተወሰነ ሰው ከተከበሩ፣ ትምህርት ቤቶችም በየደረጃው እንዲከፈቱ ከተወሰነ በኋላ የእኛን መሰል ክበቦች አዳራሽ ለምን ተዘግቶ እንደ ቀረ የሚጠይቅ ሰው በማጣቴ ነው።

በሀገራችን የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲነገር ለፋሲካ በዓል የምናቀርበውን ቴአትር በማጥናት ላይ ነበርን። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች ሲዘጉና ስብሰባዎች ሲታገዱ ጥናቱን አቆምን፤ መጋቢት 30 ቀን አዋጁ ወጥቶ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል ደግሞ ጉዳዩ የፋሲካ ብቻ እንዳልሆነ ገባን። ከዚያ በኋላ ወጣቶቹ ቃለ ተውኔታቸውን በስልክ እየቀዱ በቴሌግራም መቀባበል ጀመሩ። አንዷ ተዋናይት ድርሻዋን የምትቀዳው ታናናሾቿ ከተኙ በኋላ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብታ ነበር፤ የቁጣውን ቦታ ሳይቀር በሹክሹክታ ነው የላከችልን። ለካርድ የሚወጣው ገንዘብ አባላቱን ቢከብዳቸውም ገፍተውበት ነበር፤ በሰኔ ወር መጨረሻ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥ ግን ይኸም ቀረ። ሥራችሁን በዩቲዩብ ለምን አታቀርቡም የሚሉን ወዳጆች ምክራቸው ከቅንነት የመነጨ ቢሆንም፣ የእኛ ተመልካች ለአንድ ሰዓት ቪዲዮ የሚበቃ የኢንተርኔት ጥቅል የሚገዛ ሰው እንዳልሆነ ዘንግተውታል።

መንግሥት በዚያን ጊዜ የወሰዳቸውን የድጋፍ ርምጃዎች አልካድኩም። በአዋጁ ማስፈጸሚያ ደንብ አሠሪ ሠራተኛውን እንዳያሰናብት፣ አከራይም ተከራዩን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር ተደንግጎ ነበር። የቆየ የግብር ዕዳ ተሰርዟል፤ ብሔራዊ ባንክም ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር አቅርቧል። እነዚህ ሁሉ መልካም ነበሩ፤ ሆኖም እያንዳንዳቸው የሚደርሱት የሥራ ውል፣ የኪራይ ውል ወይም የግብር ፋይል ላለው ነው። የእኛ አባላት ቀን ቀን በፀጉር ቤት፣ በጫማ ጥገና፣ በሱቅ ጠባቂነት እየሠሩ ማታ ተዋናይ የሚሆኑ ናቸው። ክበቡ ቀጣሪ ስላልሆነ ማንንም አሰናበተ አይባልም፤ ተከራይ ስላልሆነም ማንም አስወጣው አይባልም። ይኸው በወግ ሳይባረር ሜዳ ላይ ቀርቷል።

በመንግሥት ቴአትር ቤቶች የሚሠሩ ባልደረቦቻችን መድረካቸው ቢዘጋም ወርኃዊ ደመወዛቸው አልተቋረጠም። ይህን የምለው በቅናት አይደለም፤ እንኳንም አልተቋረጠ። ነገርን ነገር ያነሣዋልና፣ ከእነዚሁ አንዱ የሆነው ሀገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም. የተጀመረው እንደ ማኅበር እንደነበረ ላስታውስ። ጣሊያን ሊወርረን በተዘጋጀበት ወቅት ሕዝቡን በአደባባይ በንግግርና በዘፈን ለማነቃቃት የተሰባሰቡ ሰዎች ያቋቋሙት ነው፤ በወረራው ዘመን ተቋርጦ ከነፃነት በኋላ እንደገና ሥራውን ቀጠለ። ዛሬ ትልቅ የምንለው ቤት ያኔ የመሰባሰቢያ ቦታና የሚነገር ቁም ነገር የነበረው ማኅበር እንጂ ሌላ አልነበረም። ክበቦችን እንደ ልጆች ጨዋታ የሚያዩ ኃላፊዎች ሲያጋጥሙኝ ይህን መንገር እወዳለሁ።

የአዳራሹን ነገር በዝርዝር ላስረዳ። ማዕድ የማጋራት ዘመቻው ሲጀመር አዳራሹ ለዱቄት፣ ለዘይት፣ ለመኮሮኒና ለሳሙና ማከማቻነት ተፈለገ። ተገቢም ነበር፤ እንዲያውም መድረኩን ጠርገን፣ ወንበሮቹን ከጥግ ደርድረን፣ ጆንያውን ከመኪና ተሸክመን ያስገባነው እኛው ነን። እህሉ ለችግረኛው ተከፋፍሎ ካለቀ ወራት ተቆጥረዋል። በቅርቡ የአልባሳት ሣጥናችንን እንዳወጣ ተፈቅዶልኝ ስገባ መድረኩ ላይ እግራቸው የተሰበረ ጠረጴዛዎች፣ የአሮጌ ፋይል መደርደሪያዎችና ግማሽ የቀረላቸው የቀለም ጣሳዎች ተቆልለው አገኘሁ። የዘይት ጀሪካኖች ተደርድረውበት የነበረው ጣውላ ክብ ክብ እያለ ጠቁሯል። መጋረጃው ወደ ላይ ተጠቅልሎ በሽቦ ታስሯል፤ ሽቦው ጨርቁን በልቶታል። ሣጥኑን ስከፍተውም ከሦስት ቴአትር በላይ ያገለገለንን ካባ አይጥ ከወገቡ በታች ቆርጦታል፤ እህል ባለበት አይጥ መኖሩ አይገርምምና በዚህ ማንንም አልወቅስም። የምወቅሰው እህሉ ካለቀ በኋላ አዳራሹን ማስለቀቅ የማንም ሥራ ሳይሆን መቅረቱን ነው። አንዱ ቢሮ የንብረት ክፍሉን ፈቃድ አምጡ ይለናል፤ የንብረት ክፍሉ ከጤና በኩል ደብዳቤ አጽፉ ይላል፤ በጤና በኩል ያሉት ደግሞ አዳራሽ የመክፈትም የመዝጋትም ሥልጣን እንደሌላቸው ይነግሩናል። ሁሉም በትሕትና ያስተናግዱናል፤ ቁልፉ ግን ማን ዘንድ እንዳለ እስካሁን አላወቅንም።

አዳራሹ ነገ ቢከፈት ችግሩ ሁሉ ይፈታል ማለቴ አይደለም። ሁለት መቶ ሰው የሚይዘው አዳራሽ ተመልካቾች ተራርቀው ሲቀመጡበት ከሃምሳ ብዙም አያልፍም። የመግቢያ ዋጋችን 15 ብር ስለሆነ በአንድ ትርኢት 750 ብር ይገኛል ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ የድምፅ ማጉያና የመብራት ኪራይ እንኳ አይሸፍንም። ታክሲዎች ግማሽ ሰው እንዲጭኑ ሲታዘዙ እጥፍ ታሪፍ እንዲያስከፍሉ ተፈቅዶላቸዋል፤ ተሳፋሪውም ከሥራው እንዳይቀር ሲል ከፍሏል። ቴአትር ላይ እጥፍ ቢጠየቅ ግን መጀመሪያ የሚቀሩት ልጆቻቸውን አስከትለው የሚመጡት እናቶች ናቸው፤ እነሱ ከቀሩ ደግሞ የክበቡ መኖር ትርጉም አይኖረውም። የእኛ ተመልካች በጸጥታ አይቶ፣ አጨብጭቦ የሚሄድ አይደለም። ባል ሚስቱን ሲያታልል ከኋላ ወንበር «እንዳታምኚው!» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ሽማግሌው ገጸ ባሕርይ ሲፈርድ ፍርዱን የሚያርሙ አባቶች አሉ። ይህን በስልክ መስኮት ማግኘት አይቻልም።

ለዚህም ነው አዳራሹ ከነጓዙ ቢለቀቅም ባይለቀቅም እስከ በልግ ዝናብ ድረስ በግቢ ውስጥ፣ በአየር ላይ እንድንሠራ ቢፈቀድልን የምመርጠው። ክረምቱ ወጥቷል፤ ከጥቅምት ጀምሮ ለተከታታይ ወራት የአዲስ አበባ ሰማይ የጠራ ነው። ማታ ብርዱ ስለሚበረታ ትርኢቱን ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ ሳትጠልቅ መጨረስ ይቻላል፤ የመብራት ኪራይም ይቀራል። የወረዳው ግቢ ሰፊ ነው፤ መግቢያው አንድ ስለሆነ እጅ ማስታጠብና የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ መቆጣጠር አያስቸግርም። በሠፈራችን ያሉ የዕድር ዳኞችን አነጋግረናቸው ድንኳንና አግዳሚ ወንበሮች ያለ ክፍያ ሊያውሱን ፈቃደኞች ሆነዋል፤ ለቅሶ በጥቂት ሰው ከሆነ ወዲህ አብዛኛው ወንበር ከዕቃ ቤት አልወጣም። በአንድ አግዳሚ ላይ ሁለት ሰው ዳርና ዳር ቢቀመጥ፣ አንድ ቤተሰብ ደግሞ አብሮ ቢቀመጥ ርቀቱ ይጠበቃል። ተዋናዮቹን በሚመለከት ግን አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ፤ ግማሽ ፊቱን የሸፈነ ተዋናይ ግማሽ ሥራውን ነው የሚሠራው። ከተመልካቹ ራቅ ብሎ መድረክ ላይ እስካለ ድረስ መሸፈኛውን እንዲያወልቅ ይፈቀድለት ዘንድ ጥያቄያችንን በጽሑፍ አቅርበናል፤ ካልተፈቀደም ሸፍኖ የሚሠራበት ታሪክ እንጽፋለን። ዘመኑ ለእንዲህ ዓይነት ታሪክ አልሰሰተም።

ከፈቃዱ ሌላ የምንጠይቀው ነገር ሥራ ነው፤ ምጽዋት አይደለም። ኤች አይ ቪ ኤድስ ብዙ ወገኖቻችንን በሚጨርስበት ዘመን በየቀበሌውና በየትምህርት ቤቱ የነበሩት የፀረ ኤድስ ክበባት ትልቁ መሣሪያቸው አጭር ድራማ ነበር። የዛሬዎቹ የአማተር ክበቦች ብዙዎቹ የእነዚያ ልጆች ናቸው፤ እኔም ቴአትር የጀመርኩት በዚያው ነው። ያኔ የጤና ተቋማትና ግብረ ሰናይ ድርጅቶች ክበቦችን እየጠሩ በገበያ ቀንና በአውቶቡስ ተራ ያሠሯቸው ነበር፤ ክፍያው ትንሽ ቢሆንም ክበቡን ያቆይ ነበር። በዚህ ወረርሽኝ ግን መልእክቱ የተሰጠው በአብዛኛው ለማጉያ ለጫነ መኪና፣ ለባነርና ለስልክ ነው። ስልክ በደወልን ቁጥር የሚቀድመው ማስጠንቀቂያ መጀመሪያ ላይ አስደንግጦናል፤ አሁን ሰው ስልኩን ከጆሮው አርቆ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ሀገሪቱ ከ80 ሺህ በላይ ሰዎች በቫይረሱ መያዛቸውን፣ ከአንድ ሺህ በላይ ወገኖችም መሞታቸውን በመዘገበችበት በዚህ ወቅት በሠፈራችን «በሽታው የለም» የሚል ሰው ከመጋቢት ወር ይልቅ በዝቷል። ይህን ሰው በባነር መመለስ አይቻልም። ጎረቤቱን የሚመስል ገጸ ባሕርይ መድረክ ላይ ቆሞ እንደ እሱ ሲከራከር፣ ከዚያም ከለቅሶ ቤት ወደ እናቱ ቤት ምን ይዞ እንደሄደ ሲገለጥለት ግን ቢያንስ ወደ ቤቱ እያሰበ ይሄዳል።

ወረዳው ሰው በተቸገረ ጊዜ የክበባችንን ወጣቶች ጠርቷቸው እንደነበር መዘንጋት አይገባም። ሰደርያ ለብሰው በታክሲ ተራ እጅ ያስታጠቡት፣ በማጉያ «ተራራቁ» እያሉ ድምፃቸው የተዘጋው፣ በአልባሳት ክፍላችን የልብስ ስፌት መኪና መሸፈኛ ሰፍተው ለአረጋውያን ያደሉት እነዚሁ ተዋናዮች ናቸው። በጎ ፈቃደኛ ሲሆኑ የሚታመኑ ወጣቶች ቴአትር እንሥራ ሲሉ እንደ አደጋ መታየታቸው አይገባኝም።

በሽታው አሁንም እየጨመረ ስለሆነ መዝናኛ ነክ ነገር ሁሉ ይቆይ የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ሥጋታቸውን አልንቅም። ነገር ግን በአንድ ጣሪያ ሥር ተጨናንቆ ቡና የሚጠጣበት ቤት ተከፍቶ ክፍት ሜዳ ላይ በተራራቀ ወንበር የሚታይ ቴአትር የሚከለከልበት የጤና ምክንያት ካለ ቢነገረን እንቀበላለን። እስካሁን የተነገረን ምክንያት የለም፤ የተነገረን «ቆዩ» የሚል ብቻ ነው። እስከዚያው ድረስ ከአባሎቻችን አንዱ ሥራ ፍለጋ ወደ ክፍለ ሀገር ሄዷል፤ ሁለቱ የማታ ሥራ ይዘዋል፤ ለብርድ ልብሷ ተዋናይት ደግሞ ቤተሰቦቿ «ያ ነገር ቀረ አይደል?» ማለት ጀምረዋል። ገንዘብ ያጣ ክበብ ገንዘብ ሲገኝ ይነሣል፤ አባላቱ የተበተኑበት ክበብ ግን እንደገና የሚጀምረው ከምንም ነው።

ስለዚህ የሚመለከታቸው የወረዳና የክፍለ ከተማ ኃላፊዎች በጋዜጣዎ በኩል ሦስት ነገር እንዲመልሱልን እጠይቃለሁ፦ አዳራሹ በየትኛው ቀን እንደሚለቀቅ፣ በግቢው ውስጥ ትርኢት ለማሳየት ያቀረብነውን ጥያቄ የሚወስነው የትኛው ክፍል እንደሆነ፣ እንዲሁም ለወረርሽኙ የማስተማሪያ ሥራ ከተያዘው በጀት ለክበቦች የሚከፈል ይኖር እንደሆነ። መልሱ «አይቻልም» ቢሆንም እንኳ በጽሑፍ ይሁንልን፤ ወጣቶቹን የምናሳያቸው ነገር ይኖረናል። በሌሎች ወረዳዎችና በክልል ከተሞች የምትገኙ የክበብ አስተባባሪዎችም አዳራሻችሁ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ለዚሁ ጋዜጣ ብትጽፉ፣ ችግሩ የአንድ ግቢ ይሁን የብዙ ቦታ በግልጽ ይታወቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንድ አማተር ቴአትር ክበብ አስተባባሪ
አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 2013 ዓ.ም.