የሳይክሉን መንገድ ከሳይክል ነጂው ጋር እንሥራው
ግልጽ ደብዳቤ ለባሕር ዳር ከተማ ከንቲባ

የተከበሩ ከንቲባ፣

በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረስዎ።

ባሕር ዳር ሳይክል የሚመቻት ከተማ ናት። የቤዛዊትን ኮረብታ ካልወጡ በቀር ዳገት የሚባል የለም። ተማሪው፣ መምህሩ፣ የፋብሪካ ሠራተኛው በሳይክል ሲመላለስ ኖሯል። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር የሚረዝመው የዓባይ ድልድይም የብስክሌትና የእግረኛ መስመር አለው። ደስ ብሎናል።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ስለ ንጹሕ አየርና ስለ ብስክሌት ዘመቻ ሲታሰብ ነዋሪው መጀመሪያ ይጠራ። ባነር ከተሰቀለና ቲሸርት ከታደለ በኋላ ከሆነ የሚቀረን ማጨብጨብ ብቻ ነው።

የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲን የፔዳና የፖሊ ግቢ ሴት ተማሪዎች ያስጠይቁልን። መንዳት እየቻሉ የማይነዱ ብዙ ናቸው። ልከፋው አለ፤ ሲመሽ የመንገዱ ጨለማ አለ። ሳይክሉን አስሮ የሚያቆሙበት ቦታም ያሳስባቸዋል። አስፋልት ላይ ቀለም መቀባት ይህን አይፈታም። መብራት፣ የሚጠበቅ ማቆሚያና ለካፊን የሚያስቆም ደንብ አስከባሪ ግን ይፈታዋል። የትኛው መንገድ እንደሚያስፈራ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሳይክል ጠጋኞቹም ይጠሩ። ጎማ የሚበላው ኮብልስቶን የቱ እንደሆነ፣ ክረምት ላይ ውኃ የሚተኛው የት እንደሆነ ቆመው ይነግሩዎታል። የጥላ ነገርም አለ። ዘንባባችን ያምራል፤ በመጋቢት ፀሐይ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ግን አያስጠልልም። በመስመሩ ዳር ዋንዛ ቢተከል ነጂው ይበረክታል።

ባጃጅ ሾፌሩን እንደ ጥፋተኛ አንየው። ጭሱን ቀኑን ሙሉ የሚምገው እሱ ነው። ተራ ሲጠብቅ ሞተሩን ቢያጠፋ ቤንዚኑም ይተርፈዋል። የሳይክል መስመር ላይ የሚቆመው ሌላ መቆሚያ አጥቶ ከሆነ ደግሞ፣ ቦታውን ከማኅበራቱ ጋር ቁጭ ብሎ መምረጥ ከቅጣት ይሻላል።

አየሩም ይለካ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ እጅግ ደቃቁ ብናኝ በዓመት አማካይ ከ5 ማይክሮግራም በሜትር ኪዩብ እንዳይበልጥ ይመክራል። ይህ ብናኝ ሳንባ ዘልቆ ደም ውስጥ ይገባል። መለኪያው በየትምህርት ቤቱ ደጃፍ ተተክሎ ውጤቱ በየሳምንቱ ቢለጠፍ፣ ወላጅ ራሱ ቀስቃሽ ይሆናል። በነገራችን ላይ፣ ማታ ማታ በየሰፈሩ የሚቃጠለው ቆሻሻም አብሮ ይታይ። የመኪና ጭስ ብቻ አይደለም የሚያስለን።

አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ብላ ጎዳናዎቿን ለእግረኛ መክፈት ጀምራለች። እኛም ዝናቡ ሲያባራ፣ ከመስቀል በኋላ በወር አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ የሐይቁን ዳር መንገድ ለእግርና ለሳይክል እንክፈተው። ለዝግጅቱ የሚጠራው ስብሰባ ከሥራ ሰዓት ውጭ ይሁን። አለዚያ ሾፌሩም ጠጋኙም አይመጡም። የተባለውና የተወሰነው በየቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍልን።

መልስዎን በአክብሮት እጠብቃለሁ።

የባሕር ዳር ነዋሪ