የጂኦግራፊ ክበብ፦ ዋንዛዬ ያልሄድንበት ዓመት

ጥቅምት ላይ ክበባችን ሲሰበሰብ የመጀመሪያው አጀንዳ የጉብኝት ቦታ ነበር። ጢስ ዓባይ ወዲያው ወደቀ፤ አብዛኞቹ አይተውታል። የጣና ገዳማትም እንዲሁ። ከኋላ የተቀመጠች የ10ኛ ክፍል ተማሪ «አያቴ ወገቧን ሲያማት የምትታጠብበት ዋንዛዬ ፍል ውሃ ለምን አንሄድም?» አለች። እጅ ወጣ፣ ተቆጠረ፣ አለቀ።

ዋንዛዬ ደራ ወረዳ ውስጥ፣ ጉማራ ወንዝ አጠገብ ነው። ከእኛ ከባሕር ዳር የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ በወረታ አስፋልት ሐሙሲት ይደረሳል፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ መታጠፍ ነው። ካርታውን የሳሉት ልጆቹ ናቸው፤ እኔ ያረምኩት የሐሙሲትን ቦታ ብቻ ነው።

ክርክሩ የተነሳው በእንቁላል ነው። አንዱ ልጅ «ፍል ከሆነ እንቁላል ይዘን እንሂድና እንቀቅል» አለ። ሰው ገብቶ የሚታጠብበት ውሃ እንቁላል አይቀቅልም ብለው ሌሎቹ ሳቁበት። ነገሩን በቤተ ሙከራ ለማየት ተስማማን። የእንቁላሉ ነጭ ክፍል መርጋት የጀመረው ቴርሞሜትሩ 60 ዲግሪን ካለፈ በኋላ ነው፤ እንዲህ ባለ ውሃ ውስጥ እጁን የሚያስገባ የለም። ድስቱን ሳናወርድ ስንጠብቅ ደግሞ ውሃው ተንተከተከ፣ ቴርሞሜትሩ ግን 94 ላይ ቆመ። «ተበላሽቷል» ተባለ። ሌላ አመጣን፤ ያው 94። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ያነሰ ነው፤ ውሃው 100 ሳይደርስ ይፈላል። መጽሐፉ ላይ ያለውን 100 ለዓመታት ሲሸመድዱ የኖሩ ልጆች ፊት ያን ቀን መታየት ነበረበት።

ሙቀቱ ከየት መጣ ለሚለውም ብዙዎቹ ከሥሩ የሚነድ እሳተ ገሞራ ያለ መስሏቸው ነበር። የግድ አይደለም። ምድር ወደ ውስጥ በየኪሎ ሜትሩ በአማካይ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ትሞቃለች፤ በዓለት ስንጥቅ ወደ ጥልቁ የሰረገ ዝናብ ሞቆ በሌላ ስንጥቅ ይመለሳል። የጥንቱን እሳተ ገሞራ ማየት ለሚፈልግ ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ጣናን በደቡብ በኩል የገደበው ፈስሶ የቀዘቀዘ ቅልጥ ዓለት ነው፣ የግቢያችን አጥርም ከዚሁ ጥቁር ድንጋይ ተክቧል።

የወላጅ ፈቃድ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ ጻፍነው። የመጀመሪያውን ያነበቡ አንዲት እናት «የኔ ልጅ አስም አለባት፣ እንፋሎቱስ?» ብለው መጡ። እውነታቸውን ነው፤ እኔ ስለ ምሳና ስለ መዋጮ እንጂ ስለ ጤና አልጠየቅሁም ነበር። ሁለተኛው ላይ አስም፣ የልብ ሕመምና የሚጥል በሽታ ተካተቱ። ልጆቹም ደንብ አወጡ፦ ከ10 ደቂቃ በላይ ማንም ውሃው ውስጥ አይቆይም፣ ብቻውን የሚገባ የለም፣ ለሕመማቸው የመጡ ሰዎችን ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። የመጨረሻዋን ያቀረበችው ያችው የአያቷ ልጅ ናት።

ቀኑን ከፈተና በኋላ፣ ሰኔ ላይ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ዝናቡ ቀደመን። የኮስተሩ ሹፌር የሐሙሲቱን መታጠፊያ ሲሰማ «መምህር፣ በዚህ ጭቃ አልገባም» አለኝ፤ አልተከራከርኩትም። ጥር ላይ መሄድ ነበረብን።

ገንዘብ ያዧ መዋጮውን እያስፈረመች መለሰች። ሦስት ልጆች «ለጥር ይቀመጥ» ብለው አልወሰዱም። ከነሱ አንዱ የእንቁላሉ ልጅ ነው፤ ቀቅሎ ይዞ እንደሚመጣ ነግሮኛል።