ጥላሸቱን የቀባሁህ እኔ ነኝ

ጥቅምት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ፣

መጀመሪያ በለመድነው ስም ነበር የጀመርኩት። «ሳጥና ሆይ» ብዬ ጻፍኩና እጄ ቆመ። ወረቀቱን ቀድጄ ሌላ ያዝኩ። ለምን እንደ ቀደድኩት እያነበብክ ትደርስበታለህ፤ እስከዚያው አትሳቅብኝ።

ለእናትህ ለቅሶ አልመጣሁም። የሰማሁት በሠልስቷ ነው፤ ያን ጊዜ ከመኪና መንገድ ርቆ ያለ ደብር ውስጥ ርብራብ ላይ ነበርኩ። ይህ ምክንያት ለአንድ ሳምንት ይበቃል፤ ለሦስት ዓመት አይበቃም። ለአርባዋ እመጣለሁ አልኩ፣ አለፈ። ለሰማንያዋ አልኩ፣ አለፈ። ሙት ዓመቷም ሲያልፍ በምን ዓይኔ ላይህ ብዬ ተውኩት። ይቅር በለኝ። ባስረዝመው ለራሴ ጥብቅና መቆም ይሆንብኛልና እዚህ ላይ ላቁም። ነፍሷን በአብርሃም፣ በይስሐቅ፣ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን።

ዛሬ የጻፍኩልህ ስለ ጨነቀኝ ነው። አየህ፣ አመሌ አልለቀቀኝም፤ ሲጨንቀኝ ነው ትዝ የምትለኝ።

አንድ የገጠር ሚካኤል እየሣልኩ ነው። ለኅዳር 12 ማስረከብ አለብኝ። ሥላሴ አልቋል፣ ምስለ ፍቁር ወልዳ፣ እመቤታችን ልጇን እንደ ታቀፈች፣ አልቋል፣ ጊዮርጊስም ከነነጭ ፈረሱ ተለጥፏል። የቀረኝ ከመቅደሱ በር በስተቀኝ የሚቆመው ሚካኤል ነው። እሱም ቢሆን ክንፉ፣ ሰይፉ፣ ቀይ ካባው ደርሷል። ከእግሩ ሥር ግን አንድ ክንድ የሚያህል ሸራ ነጩን እንደ ሆነ አለ። እዚያ ማን እንደሚገባ ታውቃለህ፤ መልአኩ የሚረግጠው ሰይጣን ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ብሩሽ አላሳረፍኩበትም።

ልጄን አታውቃትም። ሰባት ዓመቷ ነው። ከእኔ የወሰደችው ግትርነቱን ብቻ ነው፤ መልኳ የእናቷ ነው፣ እንደ ኑግ የሚያበራ ጥቁር። የዛሬ ሁለት ሳምንት ማክሰኞ ምሳ ይዛልኝ መጣች። እኔ ቀለም እየበጠበጥኩ ነበር። ጥቁርን ከቆርቆሮው እንደ ወጣ ከቀባኸው ግድግዳው የተበሳ ነው የሚመስለው፤ ስለዚህ ቡናማውን ከድፍን ሰማያዊ ጋር አዋሕጄ፣ ከቀዩ ጥቂት ጠብ አድርጌበት፣ ደም ያለው ጥቁር አወጣሁ። ጥሩ ቀለም ነበር። እንዲህ ያለ ቀለም በዓመት አንድ ጊዜ ቢወጣልኝ ነው። ልጅቱ ምሳ ዕቃውን አስቀመጠችና ቀለም የምሞክርበትን ጣውላ አየች። እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ከቀለሙ ጎን አጋደመችው። አገላብጣ አየችው። ፊቷ በራ።

«አባዬ፣ ይህ እኮ እኔ ነኝ! ማንን ልትሥልበት ነው?»

ፊቷ በራ ነው ያልኩህ፤ ሌላ ቃል አጥቼ ነው። የተደሰተ ፊቱ በራ፣ የተቆጣ ፊቱ ጠቆረ እንላለን። የእኔ ልጅ ፊቷ ሲበራም ጥቁር ናት።

«ፈረስ» አልኳት።

«የጊዮርጊስ ፈረስ ነጭ ነው» አለችኝ፣ ከጀርባዬ ያለውን በጣቷ እያሳየች።

«ሌላ ፈረስ ነው።»

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆሜ ልጄን ዋሸሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ ባመጣች ቁጥር የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ፈረሴ ደረሰ ወይ?» ሆኗል። ኅዳር 12 ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ከእናቷ ጋር ልትመጣ ነው፤ መጥታም የራሷን ቀለም ከመልአኩ ተረከዝ ሥር ልታገኘው ነው።

ለኮሚቴው ሽማግሌ ነገሩን በዘዴ አነሣሁት። ደግ ሰው ናቸው፣ አልዋሽህም። «ጥቁር ካልሆነ ሕዝቡ በምን ያውቀዋል?» አሉኝ። በወረቀት ላይ አረንጓዴ አድርጌ አሳየኋቸው፤ መነጽራቸውን አውጥተው፣ ጠርገው፣ መልሰው አድርገው «ይህ እንቁራሪት ነው» አሉ። እውነታቸውን ነበር። ቀይ ሳደርገው ደግሞ ከሚካኤል ካባ ጋር ተደበላለቀና መልአኩ የራሱን ካባ የረገጠ መሰለ።

የሥዕል መምህሬ እንዳስተማሩኝ ከሆነ ክፉ የሚለየው በዓይኑ ነው። ጻድቅ ፊት ለፊት ያይሃል፣ ሁለት ዓይን አለው፤ ክፉ በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይን ብቻ። በኅብስቱ ማዕድ ላይ ይሁዳን የምታውቀው በዚህ ነው። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብተህ ቀና ብትል ከጣሪያው ቁልቁል የሚያዩህ የኪሩቤል ፊቶች ሁሉ ሁለት ሁለት ዓይን ናቸው። ፊቱን ያዞረብህን ፍራ ማለት ይመስለኛል። ይህ ብቻውን በበቃ! የጥንቶቹም ግን አንድ ዓይን አድርገው አልተዉትም፣ ጥቁርም ቀብተውታል፤ ልክድህ አልችልም።

አሁን መጻሕፍት በሚተረጎሙበት በትርጓሜ ቤት የዋልከው አንተ ነህና ብሳሳት አርመኝ። በዕለተ እሑድ ስምንት ፍጥረት ተፈጠረ ብለው አስተምረውናል፤ እሳት፣ ነፋስ፣ ውኃ፣ መሬት፣ ጨለማ፣ ሰባቱ ሰማያት፣ መላእክት፣ ብርሃን። ጨለማ አምስተኛ ነው፣ ብርሃን መጨረሻ። ጨለማ ከሌላ አልመጣም፤ የተፈጠረውም ገና ማንም ሳይበድል ነው። ኦሪትም «ብርሃኑ መልካም እንደ ሆነ አየ» አለ እንጂ ጨለማው ክፉ እንደ ሆነ አየ አላለም፤ ሌሊት ብሎ ስም አወጣለት። ጳውሎስ ደግሞ ሰይጣን የብርሃን መልአክ እንዲመስል ራሱን ይለውጣል ብሏል። እንዲያ ከሆነ ነጭ ልቀባው ነው ብላቸው ሽማግሌው ከነብሩሼ ከርብራቡ ያወርዱኝ ነበር።

ብርሃንን ጠልቼ አይደለም። በትንሣኤ ሌሊት ጧፍ ከጧፍ ሲለኮስ አሁንም ሰውነቴን ይወርረኛል። ሌባ ጨለማ እንደሚመርጥም አላጣሁትም። ነገር ግን ጨለማ ሌላ፣ ጥቁር ሌላ፤ እኛ ሠዓሊዎች አንድ አድርገን ቀባናቸው። ጨለማውም ቢሆን፣ በእናንተ ቤት ጨለማ እንዴት እንደ ነበር ታስታውሳለህ? እናትህ ጋዝ እንዳያልቅ ኩራዙን እፍ ብላ ስታጠፋው ነበር ተረቱ የሚጀምረው። የጅቡና የአህያው ተረት በብርሃን ተነግሮ አያውቅም። እኔ ከቤቴ የምጠፋው ለዚያ ጨለማ ስል ነበር፤ በእኛ ቤት አምፖል ነበረን፣ ተረት ግን አልነበረንም።

እንግዲህ የቀደድኩት ወረቀት ጋ ደረስኩ።

ስድስተኛ ክፍል፣ የታኅሣሥ ገብርኤል ጭውውት። እኔ ቀይ ስለ ነበርኩ ገብርኤል ሆንኩ፤ አንተ ሳጥናኤል። ያሠለጥነን የነበረው ሰው አንተን እያየ «ይህ እንኳን ቀለም አያስፈልገውም» ሲል ሁሉም ሳቀ። አንተም ሳቅክ። እስከ ዛሬ ያልነገርኩህ ከዚያ ያለውን ነው። በማግስቱ ጥላሸት በቁራጭ ወረቀት ተጠቅልሎ ሲመጣ አሠልጣኙ ያዘዘው መስሎህ ነበር። ማንም አላዘዘም። «ትንሽ ይጨመርበት» ያልኩት እኔ ነኝ። ከእናትህ የወጥ ድስት ቂጥ በማንኪያ ፍቄ ያመጣሁትም እኔ ነኝ። ፊትህን ስቀባህ ዓይንህን ጨፍነህ አገጭህን ቀና አድርገህ ሰጠኸኝ። የምታምነኝ ልጅ ነበርክ።

ማታ ከበር ውጪ ቆሜ አይቻለሁ። እናትህ በልብስ ሳሙና ታጥብህ ነበር። ውኃው ጠቆረ፣ ደፋችው፤ እንደገና ጠቆረ፣ ደፋችው። ሦስተኛው ውኃ ነጭ ሆኖ ቀረ። እሷ ግን ማሸቷን አላቆመችም። «እማዬ፣ ይህ የራሴ ነው» አልካት። እጇን አነሣች። ከዚያ ወደ ውስጥ ጠራችኝና ከአንተ እኩል ቆሎ ዘገነችልኝ።

ስሙ ግን በዚያው ተጣበቀብህ። ትምህርት ቤት ሳጥና፣ ሜዳ ላይ ሳጥና፣ ሠርግህ ላይ ሳይቀር ሚዜዎቹ ሳጥና። ከሁሉ በላይ ደግሞ እኔ። አንድም ቀን ተው ብለህኝ አታውቅም፤ እኔም አለማለትህን እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት። ጥላሸት ስል ደግሞ፣ መዝሙረ ዳዊቱ የተጻፈበት ጥቁር ቀለም ከምን እንደሚበጠበጥ አንተም ታውቃለህ። ስመ አምላክና የቅዱሳን ስም በቀይ ይጻፋል፤ የቀረው ከሞላ ጎደል ጥላሸት ነው። እኛ በእሱ ልጅ ቀባንበት።

የሚያስቀውን ብቻ ልንገርህና ላብቃ። መድረኩ ላይ ሳጥናኤል «እኔ ፈጠርኳችሁ» ብሎ ጨርሶ የእኔ ተራ ሲደርስ መብራት ሄደ። ያጠናሁት ሁሉ ከጭንቅላቴ ጠፋ። ሕዝቡ ያጉረመርማል፣ አሠልጣኙ ክብሪት ይፈልጋል፣ እኔ በእንቁላል ሣጥን ካርቶን ክንፌ ተገትሬአለሁ። በጨለማው ውስጥ አንድ ሰው ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ «ንቁም በበህላዌነ፣ እስከ ንረክቦ ለአምላክነ» አለኝ፤ አምላካችንን እስክናገኘው በያለንበት እንቁም የሚለውን የገብርኤልን ቃል። ጥላሸቱ ሸተተኝ። ጮክ ብዬ ደገምኩት። መብራት ሲመጣ ተጨበጨበልኝ፤ ጭብጨባውንም ሳላካፍልህ ወሰድኩት።

አሁን ጥያቄዬ። ለልጅቱ መላ ያገኘሁ ይመስለኛል። ሰማዕቱ መርቆሬዎስ ፈረሱ ጥቁር ነው! ሁለት ሳምንት ሙሉ ይህን መርሳቴ ያሳፍራል፤ ድንጋጤ እንዲህ ያደርጋል። በሰሜኑ ግድግዳ ላይ አንድ ሸራ የሚበቃ ቦታ አለ፣ ዋጋ ሳልጠይቅ እጨምረዋለሁ። በዓሉም ኅዳር 25 ነውና ሽማግሌው እምቢ አይሉኝም። ያ ጥሩ ቀለም ለፈረሱ ይሁን፤ ውሸቴም ዘግይቶ እውነት ይሆናል።

ከሚካኤል እግር ሥር ላለው ግን ቀለም የለኝም። አመድማ ላድርገው? ወይስ ከአንድ ዓይኑ በቀር ምንም ሳልቀባው ሸራው እንዳለ ይታይ? መምህሬን እንዳልጠይቅ አርፈዋል። ከመጽሐፍ የማነበውን አንብቤአለሁ። ለዚያ ቦታ ፊቱን ያበደረ የማውቀው ሰው አንተ ብቻ ነህ። ንገረኝ፤ ወይም አልነግርህም በለኝ፣ መብትህ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከሙያህ። የግዕዙ መኃልይ «ጸላም አነ ወሠናይት» ይላል፤ ጥቁር ነኝ፣ ውብም ነኝ። አማርኛው ሲሆን «ነገር ግን ውብ ነኝ» ሆነ። ያቺ «ነገር ግን» በየት በኩል ገባች? ለልጄ ሳነብላት ዘልያት አለፍኩ። ኃጢአት ከሆነ ንገረኝ።

ከፈቀድክ ከኅዳር 25 በኋላ ልምጣ። የእናትህን መቃብር ካየሁ በኋላ ወደ ቤት ግባ ትለኝ እንደ ሆነ እገባለሁ፤ ካላልከኝም ከዚያው እመለሳለሁ።

ልጅቱ ከደጀ ሰላሙ በኩል ምሳ ዕቃውን እያወዛወዘች ስትመጣ ይታየኛል። የቀለም ጣውላዬን በጨርቅ ሸፍኜዋለሁ። ዛሬም ስለ ፈረሷ ልትጠይቀኝ ነው።

ያው እኔው ነኝ