የበጎ አድራጎት ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ለክበባት በተሰጠው ቅጽ ላይ የተረዱ ተማሪዎች ብዛትና የእርዳታው ፎቶግራፍ እንዲገቡ ተጠይቋል። የእኛ ክበብ ሁለቱንም ቦታዎች ባዶ ትቶ ስላቀረበ፣ ምክንያቱን ማስረዳት የተጠሪው መምህር የእኔ ግዴታ ነው።

ነገሩ የጀመረው በመስከረም ሲሆን ጥፋቱም የራሴ ነው። አባላት ከየቤታቸውና ከፒያሳ ነጋዴዎች ያሰባሰቡት ደብተርና እስክሪብቶ በሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ፣ ከሰንደቅ ዓላማው ሥር፣ ስም በማይክሮፎን እየተጠራ እንዲታደል ያደረግሁት እኔ ነኝ። ጭብጨባው ደማቅ ነበር። ከጦሳ ተራራ ሥር በእግሯ ወርዳ የምትመጣ አንዲት ተማሪ ግን ድርሻዋን ተቀብላ በማግስቱም በሠልስቱም ቀረች። ስትመለስ ለብቻዋ ጠርቼ ብጠይቃት፣ «ቲቸር፣ ደብተሩንስ ወድጄዋለሁ፤ መጠራቱን ነው ያልወደድኩት» አለችኝ።

ክርስቲያን ነኝ። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6፣ ምጽዋት የሚሰጥ ሰው በፊቱ መለከት እንዳያስነፋ ማስተማሩን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ኖሬአለሁ፤ ማይክሮፎንም መለከት መሆኑ ግን እስከዚያ ቀን አልታየኝም ነበር። ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ስለሚደነግግ፣ በጥቅምቱ ስብሰባ ቃሉን ለራሴ ይዤ ጥፋቴን ብቻ ተናገርሁ። ይሁን እንጂ አንድ ሙስሊም አባል፣ ቀኙ የሰጠውን ግራው እስከማያውቅ ድረስ ሰውሮ የሚሰጥ ሰው በሐዲስ መመስገኑን እኔ ሳላነሣው አነሣ። (ወሎ ላደገ ሰው ይህ ብዙ አያስደንቅም።)

ከዚያ በኋላ ከቤተ መጻሕፍቱ የመጨረሻ መደርደሪያ ጀርባ አንድ ካርቶን ተቀመጠ፤ የጎደለው ይወስዳል፣ የተረፈው ይጨምራል፣ የሚመዘግብ የለም። ስማቸው መነሣቱ እንደ ቀረ የሰሙ አንዳንድ ለጋሾች መስጠታቸውን ስላቆሙ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ካርቶኑ ባዶ ሆኖ የሰነበተባቸው ቀናት ነበሩ። ከአባላት መካከልም ወደ ቀድሞው አሠራር እንመለስ ያሉ ነበሩ፤ ሐሳባቸው ቀላል አልነበረም፣ ደብተር የሌለው ልጅ በእኛ ትሕትና ላይ አይጽፍምና። ሆኖም አባላት ለሻይ ከሚይዙት ገንዘብ ጥቂት እየቀነሱ ለመቀጠል ወሰኑ።

በየካቲት ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ገቡ። አንድ ቀን የክፍል ጽዳት ተራ የተጻፈበትን ወረቀት ስመለከት፣ ከሰዓት በኋላ የሚጠርጉ ሙስሊም ተማሪዎች ስም በእርሳስ ተሠርዞ የክርስቲያን ጓደኞቻቸው ስም ገብቶበት አገኘሁ፤ እነዚህም ጾመኞች ቢሆኑም እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ እህል ስለሚቀምሱ፣ እስከ መግሪብ ውሃ እንኳ የማይቀምሱትን ማሳረፋቸው ነበር። በሰሙነ ሕማማት ደግሞ፣ ስግደት ያደከማቸውን ክርስቲያኖች ተራ ሙስሊሞቹ ወስደውት አየሁ። ክበቡ በዚህ ላይ አልተሰበሰበም፣ አልወሰነምም፤ እኔም ያየሁ ሳልመስል አለፍሁ።

የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ በበልግ ዝናብ ስላፈሰሰ ካርቶኑ ርሶ ፈርሷል። ለ2018 ዓ.ም. በምትኩ የእንጨት ሣጥን ለማሠራት አስበናል፤ ክዳን ይኖረዋል፣ ቁልፍ ግን አይኖረውም።